በሲኞራ አሱንታ ቤት ያሳለፍኩት ፍልሰታ

ነሐሴ ሁለት፣ ከኦክላንድ

ጠዋት ተነሳን። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው፤ በእጄ የያዝኩት የጉዞ ሰነድ ገና የስደተኛ ነበር። ልጄ ሂሩት ከሳን ሆዜ በመኪናዋ መጥታ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለው አፓርትመንቴ ወሰደችኝ። እሷ የምትሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ፣ ለሁለት ሳምንት ይዘጋል። እኔም አልጋ በማነጥፍበት ሆቴል ሦስት ዓመት ያልነካሁት ቫኬሽን ነበረኝ።

የሄድነው ለአንድ ነገር ነው። ጣልያን አገር ለምትኖር አንዲት ሴት ፊቷ ቆሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለማለት።

እኔ በሱዳን በኩል ቀድሜ አሜሪካ ስገባ ሂሩት በሌላ መንገድ ወጥታ ሮም ደረሰች፤ እዚያም አሜሪካ የምትገባበት ወረቀቷ ቆመ። አሥራ አንድ ወር ጠበቀች። ስደተኞችን የሚረዱ አንድ የሮም ቄስ፣ ኦርቪዬቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤታቸውን ለእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ባልና ሚስት ዘንድ አስጠጓት። ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ እዚያው ታድራለች። በዚያ ክረምት ሳንባዋን ታመመች። ስድስት ሳምንት ከአልጋ አልወረደችም። እኔ የሰማሁት ከዳነች በኋላ፣ በደብዳቤ ነው። መረቅ እያጠጣች ያስታመመቻት የቤቱ እመቤት ሲኞራ አሱንታ ነበረች። ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ተንበርክኬ ተሳልኩ። በሕይወት ካቆየኝ ሄጄ አመሰግናታለሁ አልኩ።

ብዙ ቃል የለኝም። ቢሆንም ለሲኞራ አሱንታ የምናገረውን አሥር ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሂሩት ልትተረጉምልኝ። ሂሩት በበኩሏ በሳን ሆዜ ዙሪያ ከቀሩት የፍራፍሬ እርሻዎች ከአንዱ ሁለት ኪሎ የደረቀ አፕሪኮት ገዛች።

ችግሩ ቀኑ ነው። ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ገብቷል። ለመንገደኛ ይፈቀዳል፤ የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው እሺ ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ስለዚህ አልጠየቅኳቸውም። ሂሩትንም መኪና ውስጥ አስጠነቀቅኳት።

«መጾሜን እንዳትነግሪያት። ጾም አይወራም።»

«እማዬ፣ ሲኞራ አሱንታን አታውቂያትም። እሷ ቤት ሳይበሉ መዋል አይቻልም።»

«እኔ የጠየቅኩሽን ብቻ አድርጊ።»

እሷ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ሳን ፍራንሲስኮው ድልድይ ነዳች።

ነሐሴ ሦስት፣ ሮም

ኒው ዮርክ ላይ አውሮፕላን ቀይረን በማግስቱ ሮም ገባን። አውሮፕላኑ ላይ የበላሁት ዳቦና ወይን ፍሬ ነው። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይወጣል። ያደርነው ከትልቁ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ግድግዳ በሚያይ ክፍል ነበር። የአውቶቡስ ትኬት ሰባት መቶ ሊሬ፣ አንድ ስኒ ቡና ቆሞ ለሚጠጣ ስድስት መቶ። ተቀምጠው ከጠጡ እጥፍ ነው፤ ሂሩት ቀድማ ነገረችኝ።

ከሰዓት በኋላ ከጣቢያው በስተጎን ወዳለ አንድ መንገድ ወሰደችኝ። ወረቀቷን የጠበቀችበት የስደተኞች ቢሮ ተዘግቶ ነበር። በሩ ላይ ያለውን የድንጋይ ደረጃ አሳየችኝ።

«እዚህ ነበር ሰልፍ የምንይዘው። ቶሎ ለመድረስ በመጀመሪያው ባቡር ነበር የምመጣው። ሲኞራ አሱንታ ዳቦ ትቋጥርልኛለች። ተራዬ ሳይደርስ ይዘጋና እመለሳለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«መቁጠር ተውኩ።»

ደረጃው መሐሉ ተበልቶ ጎድጎድ ብሏል። እጄን አሳረፍኩበት፤ ፀሐይ አሙቆታል። ያን ጊዜ እኔ ኦክላንድ ፖስታ ሳጥኔን በቀን ሁለት ጊዜ እከፍት ነበር።

ነሐሴ አራት፣ ኦርቪዬቶ

ከሮም በባቡር ወደ ሰሜን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። መንገዱ ሁሉ የሱፍ አበባ ማሳ ነው፤ አበቦቹ ከብደው አንገታቸውን ደፍተዋል። ከተማዋ አምባ ላይ ናት፤ ዙሪያዋን ገደል። ከጣቢያው በአውቶቡስ ተጠማዝዘን ወጣን።

ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ፣ መዝጊያዎቹ አረንጓዴ፣ ለእንግዳ የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች ያሉት ነው። በረንዳው ላይ የዘይት ጣሳዎች ተደርድረው በሶብላ መሳዩ ባሲል ተተክሎባቸዋል። የክፍሉ ዋጋ ለአንድ ሌሊት ከነቁርሱ ሃያ አምስት ሺህ ሊሬ ነው፤ ሲኞራ አሱንታ ግን ስለ ገንዘብ እንድናነሳ አልፈቀደችም።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። አጭር፣ ወፍራም፣ ሽበቷን ወደ ኋላ ያሰረች፣ የእኔ እኩያ። ሂሩትን ስታይ በእጇ የያዘችውን ፎጣ ጣለች። ሂሩትም «ማማ» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

እኔ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ልጄ ሌላ ሴትን «እናቴ» ስትል በጆሮዬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በደብዳቤዋ ሁልጊዜ «ሲኞራ» ብላ ነበር የምትጽፈው።

ሂሩትም ገባት። ዘወር ብላ አየችኝና «ሲኞራ፣ እናቴ ናት» ብላ አስተዋወቀችን። ሲኞራ አሱንታ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አሥሩ ዓረፍተ ነገር እዚያ መነገር ነበረበት። ሻንጣዬን አንስቼ ገባሁ።

ምሳ ተዘጋጅቶ ነበር። በእንቁላል የተለወሰ ፓስታ፣ በላዩ አይብ፣ ቀጥሎ የዶሮ መረቅ። እኔ ዳቦና ቲማቲም ብቻ አነሳሁ። ሲኞራ አሱንታ ሂሩትን ጠየቀቻት፤ ሂሩት መለሰችላት፤ ባልና ሚስቱ አዝነው አዩኝ።

«ምን አልሻት?»

«ሆዷን አሟታል አልኳት።»

«ለምን ትዋሻለሽ?»

«አትንገሪ አልሽኝ። ሌላ ምን ልበል? አፍ የላትም ልበል?»

ነሐሴ አምስት እስከ ስምንት

እንዲህ ነው ጤነኛዋ ሴት በሽተኛ የሆንኩት። ሲኞራ አሱንታ ቀን በቀን መረቅ ይዛ ትመጣለች። ፊት በትልቅ ሳህን፣ ኋላ በስኒ፣ ኋላ ስቡ ተለቅሞ፣ በሦስተኛው ቀን በማንኪያ ልታጎርሰኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ሲኞር ጂኖ፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ ለሆድ የሚሆን ነጭ ዱቄት በውኃ በጥብጦ አመጣልኝ። እሱን ጠጣሁት፤ የጾም ነው።

ጂኖ ቀልደኛ ነው። ሂሩት የሚለውን ትተረጉምልኛለች።

«እናትሽ ከአሜሪካ የመጣችው ዳቦዬን ልትጨርስ ነው። መረቁን ሁሉ ድመቱ ጠጣው። ድመቱ እንዲህ አምሮበት አያውቅም።»

የዚያ አገር ዳቦ ጨው የለውም። በወይራ ዘይት ነክሬ ስበላው ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስ ማለቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ጠዋት ጠዋት አልጋዬን ራሴ አነጥፋለሁ፤ የሥራ ልማድ ነው፣ እጄ አያርፍም። አንድ ቀን ሲኞራ አሱንታ ገብታ የአንሶላውን ጠርዝ አየችና ፈገግ አለች። ልጇን እንደምታሳይ ሰው አንድ የቀረውን ማዕዘን ሌላ ዓይነት አድርጋ አጠፈችው።

ሂሩት «እኔን እንዲህ አድርጊ ብላ ነው ያስተማረችኝ» አለች። «አሁንም ቤቴ እንዲህ ነው የማጥፈው።»

አውቃለሁ። ሳን ሆዜ አልጋዋን ሳይ ከየት አመጣችው ብዬ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ፎቶ ተሰቅሏል። ሂሩት በጣም ከስታ፣ ትልቅ ሹራብ ለብሳ፣ ሲኞራ አሱንታ ትከሻዋን ይዛት። ሕመሟ ያለፈ ሰሞን የተነሳ ነው። ልጄን እንደዚያ ከስታ አይቻት አላውቅም። ያየቻት ሌላ ሰው ናት። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አየዋለሁ።

ማታ ማታ ሂሩት «እማዬ፣ ዛሬ አትነግሪያትም? እኔ ሬዲ ነኝ» ትለኛለች።

«ነገ» እላለሁ።

እሷም እኔ ስኖር «ሲኞራ» ትላታለች። እኔ በሌለሁበት፣ ኩሽና ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማማ» ስትል እሰማለሁ። ልጄ በእኔ ምክንያት እንደ ሌባ ስትጠነቀቅ ሰማሁ።

ነሐሴ ዘጠኝ

የእነሱ የእመቤታችን ዕርገት የሚከበረው ከእኛ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው። ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። የሲኞራ አሱንታም የስሟ ቀን ነው፤ ስሟ ከበዓሉ የወጣ ነው።

ጠዋት ወደ ካቴድራላቸው ሄድን። ጥቁርና ነጭ ድንጋይ በመስመር የተደረደረበት፣ ፊቱ በወርቅማ ሥዕል የተሞላ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ቆምኩ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ እመቤታችንን የሚሏትን ግን ለየሁት። እዚያ ልቤ አረፈ። አሥሩን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ምሳ ላይ እናገራለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ምሳው ከቤቱ ኋላ በወይን ሐረግ ጥላ ሥር ነበር። ዘመዶቿ መጥተዋል። ሲኞራ አሱንታ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ከቀኑ በፊት ጀምራ የሠራችውን የዶሮ ጥብስ ይዛ ወጣች። ማንንም አልፋ መጀመሪያ ወደ እኔ መጣች። ሰው ሁሉ ያያል። ማንኪያውን ስታነሳ ሳህኔን በእጄ ሸፈንኩት።

እሷም ዕቃውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወደ ኩሽና ገባች።

ሂሩት ፊቷ ቀላ። «ዛሬ የስሟ ቀን ነው፣ እማዬ። ለአንድ ቀን እንኳ አትችዪም?»

ተነስቼ ሲኞራ አሱንታን ተከተልኳት። ሂሩትም ከኋላዬ መጣች።

ሲኞራ አሱንታ ጀርባዋን ሰጥታን የታጠበ ሳህን ታጥባለች። ሳትዞር ተናገረች፤ ሂሩት ተረጎመች።

«ሆዷን እንደማያማት አውቃለሁ፤ የታመመ ሰው ግማሽ ዳቦ አይጨርስም፣ ትላለች። ምን አደረግኳት? ትላለች።»

«ጾም ላይ ነኝ በያት። ለእመቤታችን። የእኛ የሚፈታው በሚቀጥለው ሳምንት ነው በያት።»

ሲኞራ አሱንታ ዞረች። እጇ ሳሙና እንደሆነ አየችኝ።

«ለማዶና?» አለች። ቀጥላ ብዙ ተናገረች። ሂሩት ግማሽ እየሳቀች፣ «እኔም ልጅ ሳለሁ እናቴ ዋዜማውን ታስጾመን ነበር፤ ያለ ሥጋ ያለ ወተት መሥራት እኔ የማላውቅ ይመስላታል? ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ነው የምትለው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ጾም አይወራም ብዬ መተው እችል ነበር። እውነትም ነው። ግን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መጥቻለሁ፤ ግማሽ እውነት ይዤ መውጣት አልቻልኩም።

«ጾሙ እውነት ነው በያት። ግን ተደብቄበት ነበር። ልጄን ያዳነውን መረቅ ከእጅሽ መቀበል አልፈለግኩም። ልጄ እናቴ ስትልሽ ስሰማ ቀናሁ። ላመሰግንሽ መጥቼ ቀናሁብሽ በያት።»

ሂሩት ራሷን ነቀነቀች።

«በዪ።»

«እማዬ፣ ይህን እኔ አልልም።»

«ሌላ አስተርጓሚ የለኝም። በዪ።»

አለቻት። ጥቂት ቃል ነበር፤ እንባዋ እየወረደ ነው የተናገረችው። ሲኞራ አሱንታ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስትናገር እኔን ሳይሆን ሂሩትን ታይ ነበር። ሂሩት ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ መተርጎሙን ረሳችው።

«ምን አለች?»

«የቪዛዬ ደብዳቤ... ከኤምባሲው የመጣው...» ሂሩት ትንፋሿን ሰበሰበች። «የመጣ ቀን አልሰጠሁሽም ነበር አለችኝ። መሳቢያ ውስጥ ደብቄው ነበር። እንድትሄጂ አልፈለግኩም። ሦስት ቀን ደበቅሁት። ለጂኖም አልነገርኩም። ከዚያ እናትሽን አሰብኩና አወጣሁት፣ ነው ያለችው።»

ሦስት ቀን። በእነዚያ ሦስት ቀናት እኔ ኦክላንድ ምን አደርግ እንደነበር አላስታውስም፤ እንደ ሌላው ቀን አልጋ አነጥፍና ሳጥኔን እከፍት ነበር። ሲኞራ አሱንታ አንገቷን ደፍታ ፍርዷን ትጠብቃለች። ሰው ፊት እንደዚያ ራሷን ዝቅ ያደረገች ሴት አይቼ አላውቅም፤ እኔ ካልሆንኩ በቀር፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት።

«እኔ ብሆን ሳምንት እደብቀው ነበር በያት» አልኩ።

ሂሩት ተረጎመችላት። ሲኞራ አሱንታ ቀና ብላ አየችኝና መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ያዘችኝ። ሳሙናው ነጠላዬን አረጠበው።

ያዘጋጀሁት አሥሩ ዓረፍተ ነገር ጠፋብኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ አልኩ። ለሂሩት ደግሞ፣ «እኔ ስኖርም በምትጠሪያት ስም ጥሪያት» አልኳት።

ጂኖ በሩ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር። ሦስት ሴቶች ሲያለቅሱ አይቶ፣ ዶሮው እየቀዘቀዘ ነው አለ።

ነሐሴ አሥር እስከ አሥራ አራት

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሕይወቴ በእውነት ካረፍኩባቸው ጥቂት ቀናት ነው። ሲኞራ አሱንታ ሽምብራ በጥብስ ቅጠል፣ ባቄላ በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት፣ ዱባ፣ የተጠበሰ ቃሪያ ትሠራልኛለች። ከጠዋቱ ቁርስ ይልቅ ከሰዓት በኋላ መብላቴን ስታውቅ ሰዓቱን ጠብቃ ራሷም ከእኔ ጋር ትቀመጥ ነበር። ቋንቋ አልነበረንም። ባቄላ አብረን እንፈለፍላለን፣ አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘን እናጥፋለን። የእኔን የሆቴሉን አስተጣጠፍ ወደደችው፤ በሁለት ክፍል እንደ እኔ፣ በአራቱ እንደ እሷ እንዲሆን ተስማማን።

አንድ ቀን ጂኖ በአሮጌ መኪናው፣ አቅራቢያ ወዳለ ሐይቅ ወሰደን። ውኃው ጥርት ያለ ነው። ሂሩት ስትዋኝ ሁለታችን ከዳር ተቀምጠን አፕሪኮት በላን። ሂሩት ራቅ ባለች ቁጥር ሁለታችንም እኩል ቀና እንላለን።

ስንሄድ ጣቢያው ድረስ ሸኙን። ሲኞራ አሱንታ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ድቡልቡል የበግ አይብ ሰጠችኝ። ጣቷን አንስታ ደጋግማ ተናገረች።

ሂሩት «ከቀኑ በፊት እንዳትነኪው ነው የምትልሽ» አለች። «ከእኛ በዓል ስምንተኛው ቀን ላይ ብቻ። እኔ እዚህ ሆኜ አውቃለሁ፣ ትላለች።»

ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ኦክላንድ

ሳን ፍራንሲስኮ ስንደርስ ጭጋጉ ድልድዩን ሸፍኖት ነበር፤ ከዚያ ሙቀት መጥቶ ሹራብ መደረብ ደስ ይላል። ሂሩት እኔን ቤቴ አድርሳ ወደ ሳን ሆዜ ሄደች።

በበዓሉ ቀን ቅዳሴው በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ሲያልቅ ጾም ፈቺው ሁሉ ያመጣውን አቀረበ። እኔ አይቡን ቆራርሼ በሳህን አኖርኩ። ደረቅና ጨዋማ ነው፤ ያን ጨው አልባ ዳቦ ሳይቀላቅሉት ከበድ ይላል።

ብዙ ዓመት አልፏል። ሲኞራ አሱንታ አርፋለች፤ ሂሩት ቀብሯ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ቆማለች። እኔም ዛሬ የማስበው የጣልያንን ካቴድራልና ሐይቅ አይደለም፤ ያችን ኩሽና ነው። የሰው ውለታ ለመቀበል ከመስጠት ይልቅ ትሕትና ይፈልጋል። በጾም ከምግብ ይከለከሉታል እንጂ ከሰው አይሸሹበትም። ይህን ያስተማረኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ወይዘሮ አስካለ፣ ፍሩትቬል ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬ፣ ከአይቡ ቀምሳ ፊቷን አጨፈገገች።

«ጥሩዬ፣ ይሄ ጨው ነው ወይስ አይብ? ማነው የሰጠሽ?»

«የሂሩት እናት።»

አስካለ ማኘኳን አቆመች። «አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔም ነኝ» አልኳት።